802,701 በእኛ ስንት ነው? የአንድ የንባብ ክበብ ውይይት የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ሰፈር፣ በአንዲት አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት በየወሩ የሚሰበሰብ የንባብ ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላይ ያደረገውን ውይይት ይመረምራል። ውይይቱን ያዘጋጀሁትም የመራሁትም እኔ በመሆኔ፣ ከዚህ በታች ከሚነሡት ጉድለቶች አብዛኞቹ የራሴ ናቸው። የተሳታፊዎቹን ስም አልጠቅስም፤ በሙያቸው ወይም ክበቡ በለመደው መጠሪያ ብቻ እጠራቸዋለሁ። የተወያየንበት መጽሐፍም፣ የኤች. ጂ. ዌልስ «ዘ ታይም ማሽን»፣ የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው፤ በመሣሪያ ተጉዞ እስከ 802,701 ዓመተ ምሕረት የሚደርሰው ዋናው ባለታሪክ «የጊዜ ተጓዡ» ከመባል በቀር ስም አልተሰጠውም፣ ቤቱ እራት የሚጋበዙት እንግዶችም አብዛኞቹ «ሐኪሙ»፣ «የሥነ ልቦና ባለሙያው»፣ «ከንቲባው»፣ «አርታኢው» እየተባሉ ነው የሚታወቁት።

መነሻ

ቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሣበት ሰፈር ሲሆን፣ ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ከዚህ ተነሥቶ መሀል ከተማ ወዳሉት ወደ ወመዘክር ወይም ወደ አብርሆት ደርሶ መመለስ፣ የታክሲው ሰልፍ ተጨምሮበት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቤተ መጻሕፍታችን የተከፈተችውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ነዋሪው «ኮሚናል» እያለ በሚጠራው የጋራ መገልገያ ቤት አንዲት ክፍል ይዛለች፤ መደርደሪያዎቿን የሞላው አብዛኛው መጽሐፍ በስጦታ የመጣ የእንግሊዝኛ መማሪያ ነው። ክበቡ ከተመሠረተ ሁለት ዓመት ያህል ሆኖታል። እስከዚያ ዕለት ያነበብናቸው ታሪካዊ ልብ ወለዶች፣ የሕይወት ታሪኮችና አንድ ሁለት የግጥም መድበሎች ነበሩ፤ በእነዚህ ላይ ውይይት ማስጀመር አስቸግሮን አያውቅም፤ የሚያስቸግረን ማስቆሙ ነበር።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ እናንብብ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አባላችን ናት። ከነባሮቹ አባላት ያገኘችው መልስ ጨዋ ቢሆንም ቀዝቃዛ ነበር። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ «ልጄ፣ ያልሆነውን ነገር ልብ ይወልደዋል፤ የማይሆነውን ግን ማን ይወልደዋል?» አሏት። ነገሩ በቀልድ ይነገር እንጂ ቁም ነገር ነበረው። «ልብ ወለድ» የሚለው ስያሜ የተወረሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ካሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። ቃሉ በራሱ ልብ የወለደውን ሁሉ የሚያቅፍ ቢሆንም፣ ቢያንስ በእኛ ክበብ ውስጥ በልማድ የሚያመለክተው ጎረቤት ላይ ሊደርስ የሚችለውን ታሪክ ብቻ ነበር። ተማሪዋ ግን አልተበገረችም፤ በሚቀጥለው ወር ደግማ ጠየቀች፤ ተፈቀደላት።

ዝግጅት

የመረጥነው የእንግሊዛዊውን ደራሲ የኤች. ጂ. ዌልስን «ዘ ታይም ማሽን» ነው። አጭር በመሆኑ በሁለትና በሦስት ምሽት ይነበባል። ደራሲው የሞተው በ1946 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲ ከሞተ በኋላ የሚሰጠው የ50 ዓመት ጥበቃ ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ የተወሰኑ ምዕራፎችን ተርጉመን በፎቶ ኮፒ ብናባዛ የማንንም መብት አንነካም። መጽሐፉ ለንደን ላይ የታተመው በግንቦት ወር 1887 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ገና የ8 ዓመት ከተማ ነበረች፤ ለዐድዋ ጦርነትም ዘጠኝ ወር ይቀር ነበር። ይህን በማስታወቂያው ላይ አልጻፍኩትም፤ መጻፍ ነበረብኝ። ታሪካዊ ልብ ወለድ የለመደ አንባቢ መጽሐፉ ከምን ዘመን እንደመጣ በራሱ የዘመን መለኪያ ቢያውቅ ኖሮ፣ ከደጅ እንደመጣ እንግዳ አያየውም ነበር።

ርእሱን ለመተርጎም ብቻ አንድ ምሽት ፈጀብን። ተማሪዋ «የጊዜ ማሽን» ይበቃል አለች። በአጥቢያው የሚያገለግለው ዲያቆን ደግሞ፣ ወደ ጠፈር የሚወነጨፈውን ሁሉ «መንኮራኩር» ካልነው፣ ቃሉም ከሕዝቅኤል ራእይ ጀምሮ የምናውቀው ከሆነ፣ ይህኛው «የጊዜ መንኮራኩር» መባል አለበት ሲል ተከራከረ። መጽሐፉ ውስጥ ያለው መሣሪያ ግን ኮርቻና ሁለት ማንሻዎች እንዳሉት ስናነብ ዲያቆኑ ራሱ ስቆ፣ «ኮርቻ ካለውማ በቅሎ ነው» አለ። በመጨረሻ «መንኮራኩር» ጸደቀ። ሦስት ክፍሎችን መርጠን ተረጎምን፤ ተጓዡ ወደ ሩቁ ዘመን የሚደርስበትን፣ በጉድጓድ ወደ ምድር ውስጥ የሚወርድበትን፣ እንዲሁም በመጨረሻው ባሕር ዳርቻ የሚቆምበትን። 14 ገጽ ወጣው፤ በ12 ኮፒ ተባዛ። የእንግሊዝኛውን ሙሉ ቅጂ በቴሌግራም ለአባላቱ ላክሁ።

የውይይቱ ዕለት

ችግሩ የጀመረው ከማስታወቂያው ነው። ቀኑን የመዘገብሁት የስልኬን መቁጠሪያ አይቼ ስለነበር «ቅዳሜ 3:00» ብዬ ላክሁ፤ ማለቴም ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። አምስት አባላት ከጠዋቱ 3 ሰዓት መጥተው ከተዘጋ በር ፊት ለፊት ቆሙ። ሁለቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ሦስቱ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ብቸኛው ሰው፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያው ነበር። በጊዜ ጉዞ ላይ የተጠራ ስብሰባ በሰዓት አቆጣጠር መሰናከሉ ለሳቅ ይመች ነበር፤ ይሁን እንጂ በዕለቱ አንዳችን እንኳ አልሳቅንም። ከእኔ ጋር ዐሥር ሆነን ጀመርን።

ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነበር። ዘውጉ ለአባላቱ እንግዳ ነው ብዬ ስላመንሁ፣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ የኢንዱስትሪ አብዮት በእንግሊዝ ምን እንዳመጣ፣ የዳርዊን ሐሳብ በዘመኑ ጸሐፍት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ለ25 ደቂቃ ያህል አብራራሁ። የተናገርሁት ስሕተት አልነበረም፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም። ልብስ ሰፊው፣ ሐጂ የምንላቸው፣ ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ። ባልትና ሱቅ ያላት እትዬ የቤተ መጻሕፍቷን መጋረጃ ጫፍ መተርተር ትመረምር ጀመር። ጥያቄ እንዳለ ስጠይቅ ዝምታ ሆነ።

ዝምታውን የሰበሩት ጋሼ ናቸው። ወረቀታቸውን ወደ መነጽራቸው አስጠግተው፣ «ሰውየው የደረሰው 802,701 ዓመተ ምሕረት ነው ይላል፤ በማን አቆጣጠር?» አሉ።

እኔ ሳላመነታ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሰን 802,693 ወይም 802,694 ነው ብዬ መለስሁ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን ያለ ምንም ልዩነት 6 ቀን ትሆናለች። በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ግን በመቶ የሚካፈሉ ዓመታት ለ400 ካልተካፈሉ በቀር ያች ተጨማሪ ቀን አትኖራቸውም። ስለዚህ በየ400 ዓመቱ እኛ ሦስት ቀን እናስበልጣለን። ዛሬ በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 የሚውለው እንቁጣጣሽ ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላ ወደ 12 የሚገፋው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰባትና ስምንት የምንለው ልዩነት፣ አሉ ጋሼ፣ የዘመናችን ልዩነት እንጂ የዘላለም አይደለም።

በዚህ ጊዜ ተማሪዋ ከእንግሊዝኛው ቅጂ አንድ ነገር አገኘች። የመሣሪያው ሰዓቶች የሚቆጥሩት ቀናትን ነው፤ አንደኛው ቀን በቀን፣ ሁለተኛው በሺህ፣ ሦስተኛው በሚሊዮን፣ አራተኛው በሺህ ሚሊዮን ቀናት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡ። መጽሐፉ ከታተመበት ከ1895 እ.ኤ.አ. ተነሥተን እስከ 802,701 ስንቆጥር 800,806 ዓመት ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ዓመት አማካይ ርዝመት፣ በ365.2425 ቀን፣ ሲባዛ 292 ሚሊዮን 488 ሺህ ገደማ ቀናት ይሆናል። ያንኑ የቀናት ብዛት እኛ በምንጠቀምበት በ365 ከሩብ ሲያካፍሉት 800,789 ዓመት ተኩል ገደማ መጣ፤ 1887 ተደመረበት። ውጤቱ 802,676፣ ወይም እንደ ጉዞው ወር 802,677 ሆነ። ልዩነቱ ስምንት መሆኑ ቀርቶ ሃያ አራትና ሃያ አምስት ደረሰ። ተማሪዋ በስልኳ፣ ጋሼ በእርሳስ ሠርተውት አንድ ዓይነት ውጤት ላይ ሲገናኙ ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ።

ይህ ስሌት ለልብ ወለዱ አንዳች አይጨምርም ሊባል ይችላል። ዌልስም ቁጥሩን የጻፈው ለሒሳብ ፈተና አይደለም። ሆኖም የተሰብሳቢው አቀማመጥ ራሱ ተለወጠ፤ ግድግዳውን ተደግፈው የነበሩት ወንበሮች ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ፣ ከዚያች ደቂቃ በኋላም ስለ መጽሐፉ ለመናገር የእኔን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ዲያቆኑ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ተጓዥ እኛም አለን፤ አቤሜሌክ፣ አለ። ነቢዩን ኤርምያስን ከጉድጓድ በገመድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት እንደሚነገረው፣ ኤርምያስ በለስ ሊያመጣ ልኮት ሳለ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐረፍ ብሎ 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ ከተማው ተለውጦበታል፤ ሰዎቹን አያውቃቸውም፤ በሙዳዩ ያለው በለስ ግን ገና ትኩስ ነው። ሐጂ ወዲያው ተቀበሉት፦ በቁርኣን 18ኛ ምዕራፍ፣ በሱረቱል ከህፍ፣ በዋሻ የተኙት ወጣቶች የቆዩት «300 ዓመት፣ ዘጠኝም ጨመሩ» ተብሏል፤ ዑለማዎች እንደሚያስረዱትም 300 የፀሐይ ዓመት በጨረቃ ሲቆጠር 309 ይሆናል። «ጋሼ አሁን የሠሩት ሒሳብ ማለት ነው» አሉ። ዲያቆኑ የኤፌሶን ሰባቱ ወጣቶች ታሪክ በስንክሳርም እንዳለ፣ በዚያ የሚነገረው ግን 372 ዓመት እንደሆነ አስታወሰ። ለአፍታ ሁለቱ ቁጥሮች ሊያከራክሩ ነው ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ጋሼ ግን፣ «ለዛሬ አንዱ ሒሳብ ይበቃናል» ብለው አለፉት።

የውይይቱ ዋና ሐሳብ የተገኘው ግን ከነርሷ፣ ከሲስተር፣ ነው። ሁሉም ታሪክ፣ አለች፣ አድማጩ እንዲያምን አንድ ዕቃ ያቀርባል። አቤሜሌክ በለስ አለው። የዋሻው ወጣቶች ምግብ ሊገዙ የላኩት ሰው አሮጌ የብር ገንዘብ አለው። የጊዜ ተጓዡ ከሩቅ ዘመን የተመለሰው ዊና የተባለችው ልጅ በኪሱ የከተተቻቸውን ሁለት ነጭ አበቦች ይዞ ነው። በለሱ ከኋላ ዘመን መጥቶ አልደረቀም፤ አበቦቹ ከፊት ዘመን መጥተው ይጠወልጋሉ። ሲስተር በሙያዋ ጠርጣሪ ስለሆነች አበቦቹ ለእሷ በቂ እንዳልሆኑ ተናገረች፤ ተማሪዋ በመጽሐፉ ውስጥም አበቦቹን ልመርምር ያለው ሐኪሙ እንደሆነ፣ ዘራቸውንም ሊለይ እንዳልቻለ ባሳየቻት ጊዜ በጣም ተደሰተች። እኔ በ25 ደቂቃ ገለጻ ያልደረስሁበትን የዘውጉን ጠባይ፣ ማለትም የማይታመነውን በሚመረመር ማስረጃ አስደግፎ ማቅረብን፣ እነሱ በለስ፣ ብርና አበባ ደርድረው ደረሱበት።

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ረጅምና ሞቅ ያለ ነበር። በ802,701 የሰው ልጅ ሁለት ሆኗል፦ በላይ በፀሐይ የሚኖሩት፣ ፍራፍሬ ብቻ የሚመገቡት ትንንሾቹ ኢሎይ፣ እንዲሁም በምድር ውስጥ ከማሽኖቻቸው ጋር የሚኖሩት፣ በሌሊት እየወጡ ኢሎይን የሚበሉት ሞርሎክ። እትዬ፣ ኢሎይ ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ መሆናቸውን፣ ተጓዡ ግን ቤቱ እንደገባ ሥጋ አምጡልኝ ማለቱን ጠቅሳ አሳቀችን። የቧንቧ ሠራተኛው አልሳቀም። እሱ በአምስቱ ብሎኮች የውኃውን ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ውኃ በፈረቃችን ሌሊት ሲመጣ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ወደ ሮቶው የሚያወጣው እሱ ነው፤ ሊፍት በሌለው ጂ ፕላስ ፎር ላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ጠዋት ቧንቧ ሲከፍት ማን እንደነቃለት አያስብም። «እኔ ሞርሎኮቹን ነው የማውቃቸው» አለ። «ኢሎዮቹ ልብሳቸው ሲያልቅ ማን እንደሚሠራላቸው ጠይቀው ያውቃሉ?» መጽሐፉ በእርግጥም ልብሱን የሚሠሩት ሞርሎኮቹ ሳይሆኑ እንደማይቀሩ ይጠቁማል። ሐጂ ግን፣ የተበደለ ሰው መብላት ከጀመረ በኋላ ተበዳይ አይባልም አሉ። የቧንቧ ሠራተኛው ይህን አልተቀበለም፤ እስከ ስብሰባው ማብቂያ አልተቀበለም፤ እኔም ለማስታረቅ አልሞከርሁም፤ ይህን ከዕለቱ ትክክለኛ ውሳኔዎቼ አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

በዚህ ክርክር መካከል ጋሼ ያስተዋሉት ነገር ለብቻው ሊጠቀስ ይገባዋል። ተጓዡ መጀመሪያ ያየውን ሰላም የሰው ልጅ ጣጣውን ሁሉ የጨረሰበት ዘመን አድርጎ ተረጎመው፤ ጉድጓዶቹን ሲያይ ነገሩ የሀብታምና የሠራተኛ መለያየት ነው አለ፤ ሥጋውን ሲያይ ይህንንም አስተካከለ። ተሳስቻለሁ እያለ የሚሄድ ባለታሪክ በልብ ወለድ ውስጥ ብዙ እንደማያጋጥማቸው፣ ይህንንም መጽሐፍ «ሳይንሳዊ» የሚያሰኘው ከመንኮራኩሩ ይልቅ ይህ ሳይሆን እንደማይቀር ተናገሩ።

ስለ መጨረሻው ባሕር ዳርቻ በተነሣው ጥያቄ ግን መልስ አጣሁ። ተጓዡ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተጉዞ ቀይና ግዙፍ፣ ልትሞት የተቃረበች ፀሐይ ያያል። ተማሪዋ በትምህርት ቤት የተማረችው ፀሐይ ገና 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላት ነው፤ ታዲያ መጽሐፉ ተሳስቷል? በኋላ እንዳረጋገጥሁት፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ ሎርድ ኬልቪን ያሉ የፊዚክስ ሊቃውንት የፀሐይን ዕድሜ በአሥር ሚሊዮኖች ነበር የሚገምቱት፤ ለሙቀቷ ከመኮማተሯ በቀር ሌላ ምንጭ ሊሰጡ አልቻሉምና። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቤከሬል ጨረራ አመንጪነትን ያገኘው መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ፣ በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፀሐይ ኃይል ከአቶሞች እምብርት መዋሐድ እንደሚመነጭ የታወቀውም ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው የዘመኑን ሳይንስ በታማኝነት ተጠቅሟል።

ተጓዡ በአሮጌው ሙዚየም ውስጥ ስለሚያገኛቸው የበሰበሱ መጻሕፍት ለመነጋገር አስቤ ነበር። የቤተ መጻሕፍት ሰው እንደመሆኔ ለእኔ ከሁሉም የሚያሳዝነው ክፍል እሱ ነው። ጊዜ አልበቃንም፤ ዲያቆኑ ብቻ እየወጣ ሳለ የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራና ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ እንደተጻፈና ዛሬም እንደሚነበብ ጠቅሶ፣ «ወረቀት ላይ ማተማቸው ነው ጥፋቱ» አለኝ።

ከውይይቱ በኋላ

ከ12ቱ ኮፒዎች ዘጠኙ ተመልሰዋል። ጋሼ ስሌታቸውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው በእንግሊዝኛው ቅጂ የኋላ ሽፋን ውስጥ ለጥፈውታል። በአሠራራችንም ሁለት ለውጥ አድርገናል፤ ማስታወቂያ ላይ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ሳይባል ሰዓት አይጻፍም፤ መግቢያ ገለጻ ደግሞ ተሰብሳቢው ካልጠየቀ በቀር አይሰጥም። ለሚቀጥለው ወር አዲስ መጽሐፍ አልመረጥንም፤ ዲያቆኑ የአቤሜሌክን ታሪክ፣ ሐጂ የሱረቱል ከህፍን ትርጉም አምጥተው ከመጽሐፉ የመጨረሻ ምዕራፎች ጎን ለጎን እንዲነበቡ ተስማማን። እትዬ እስከ መጨረሻው አልረካችም። ተጓዡ ለሁለተኛ ጊዜ ካሜራ ይዞ ሄዶ ሳይመለስ፣ ተራኪውም ሦስት ዓመት ከጠበቀው በኋላ ታሪኩ መዘጋቱን የደራሲው ስንፍና አድርጋ ነው የምትወስደው፤ እኔ በዚህ ባልስማማም፣ ቅሬታዋን በመዝገቡ አስፍሬዋለሁ።

በሚቀጥለው ወር የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያው ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሁላችን ቀድሞ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በሽፋኑ የተለጠፈውን ስሌት አነበበና ተቃውሞ አለኝ አለ፦ የምድር ሽክርክሪት እየዘገየ ስለሆነ ቀኑ ራሱ በየመቶ ዓመቱ ሁለት ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይረዝማል፤ ይህ በ800 ሺህ ዓመታት ሲከማች ቀላል አይደለም። ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ አዳመጡት። ሁለቱም አቆጣጠሮች የሚቆጥሩት ቀንን እስከሆነ ድረስ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እንደማይለወጥ፣ የሚፋለሰው ወራቱ ከክረምትና ከበጋ ጋር ያላቸው ዝምድና እንደሆነ ነገሩት። ባለሙያውም፣ «ታዲያ በዚያ ዓመት እንቁጣጣሽ ላይ አደይ አበባ ይኖራል?» ሲል ጠየቀ። ጋሼ ወረቀት እንዳመጣላቸው ጠየቁኝ።